የባለጸጋ ስጦታና የመንግሥት ወንበር፤ ከአገው ምድር ታሪክ የተወሰደ አጭር ጥናት

በውጭ አገር መጽሔቶች ላይ አንድ ዐይነት ወሬ ደጋግሞ ይታያል። አንድ የታወቀ ባለጸጋ፥ የታላቅ ኩባንያ ሥራ መሪ፥ ለዚህ ፓርቲ ይህን ያህል ገንዘብ ሰጠ፤ ለዚያ ተመራጭ ይህን ያህል አዋጣ፤ ደግሞም የመንግሥትን አሠራር ለሚመረምር አንድ የጥናት ተቋም ይህን ያህል መደበ ይባላል። ይህን የሚያነብ የታሪክ ተማሪ «በእኛስ አገር ባለጸጋው ለማን ይሰጥ ነበር? ጥናቱንስ ማን ያስጠናው ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው ሰፊ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዐቅም ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ ምርመራዬን በአንድ አገር ላይ ለመወሰን ወድጃለሁ፤ ይኸውም ዳንግላንና እንጅባራን የያዘው፥ ዛሬ የአዊ ዞን የሚባለው የጥንቱ አገው ምድር ነው። ይህንም የመረጥሁት አገሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከዘጠና ዓመት በፊት ሁለት ዐይነት ገንዘብ በዚህች ምድር ላይ ጎን ለጎን ሲሠራ ታይቷል። አንደኛው የጎጃም ገዥ የነበሩት የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው በዳንግላ የተቀመጠውን የእንግሊዝ ቆንስል የሚያኖረው ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ለሰው ይከፈል ነበር፤ ሁለተኛው ለዕውቀት። እኔ ለማሳየት የምሞክረው የአገራችን ባለጸጋ ዘወትር ለወንበሩ ባለቤት ሲሰጥ መኖሩን፥ ስለ ምድራችንና ስለ ውሃችን የሚደረገውን ጥናት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዕድ ሲከፍልበት መኖሩን ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አማርኛ ለስጦታ ድኻ አይደለም። ግብር አለ፤ እጅ መንሻ አለ፤ መታያ አለ፤ ጉቦ አለ፤ በኋላ ዘመን ደግሞ መዋጮ መጣ። ከእነዚህ ውስጥ ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው እጅ መንሻ ነው። እጅ መንሻ ከጉቦ የሚለየው በአደባባይ መሰጠቱ ነው። ነጋዴው በቅሎውን ወይም የማር ገንቦውን ይዞ ጌታው ፊት ሲቀርብ መላው ግቢ ያያል፤ መታየቱም የስጦታው ግማሽ ዋጋ ነው። ሰጪው «እኔ የእርስዎ ነኝ» ይላል፤ ተቀባዩም «ይህ ሰው የእኔ ነውና አትንኩት» ማለቱ ነው። በዚህ ውል ውስጥ ስለ ሐሳብ፥ ስለ ሕግ፥ ስለ አገር አስተዳደር የሚነሣ ነገር የለም። ሰጪው የሚገዛው መጠጊያ ነው።

አገው ምድር ለዚህ ዐይነት ስጦታ የሚሆን ሀብት አላጣም። ደጋው ዝናብ አይለየውም፤ ገብሱ፥ ጤፉ፥ ኑጉ፥ ከብቱ፥ ማሩና ፈረሱ የታወቀ ነው። ሰባት ቤት አገው የሚባለው ሕዝብ በፈረሱ ያለው ኩራት ዛሬም በእንጅባራ በየዓመቱ በበዓል ይታያል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ. ኤ. አ. በ1770 የአባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ በመጣ ጊዜ፥ የአገው ሰዎች ከብት፥ ማር፥ ቅቤ፥ ቆዳና ሰም እየነዱና እያሸከሙ ወደ ጎንደር እንደሚወስዱና መናገሻይቱም በዚህ ስንቅ እንደምትኖር ጽፏል። እንግዲህ የጎንደር ጌቶች ግብዣ የሚደምቀው ከዚህ ደጋ በሚሄደው ማርና ሰንጋ ነበር ማለት ነው። የዳንግላ ገበያም በኋላ ዘመን ከጣና ዳር፥ ከመተከል ቆላና ከሱዳን ጠረፍ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ሆነ።

ነገር ግን ነጋዴው በየመንገዱ ኬላ አለበት። በአንዱ ኬላ ከፍሎ ሳይርቅ ሁለተኛው ይጠብቀዋል። የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም የሆነው ነጋድራስ ኬላውን ከገዥው ይቀበላል፤ ለገዥው የሚገባውን ያገባል፤ የተረፈውን ይበላል። በዚህ አሠራር ከገዥው የተጣላ ነጋዴ ሀብታም ሆኖ ሊኖር አይችልም። ገዥው ራሱ ነጋዴ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ የጎጃም ዕጣም ይህ ነበር።

ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። አባታቸው በ1893 ዓ. ም. ከሞቱ በኋላ ጎጃም ለጊዜው ተከፋፍሎ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ኃይሉ ግዛቱን በእጃቸው አስገቡ፤ እስከ 1924 ዓ. ም. ድረስም ገዙ። እኒህን ሰው የታሪክ ጸሐፊዎች የሚያነሷቸው በአንድ ጠባያቸው ነው፤ ገንዘብ መውደዳቸው። በጎጃም ገበሬ ላይ የጣሉት የግብር ዐይነት ብዙ ነበር፤ ሹመትንም በገንዘብ ይሰጣሉ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። እኔ ግን እዚህ ላይ ጥቂት መቆም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም «ስስታም ነበሩ» ብሎ ማለፍ ታሪክ አይሆንም።

ራስ ኃይሉ ከዘመናቸው መኳንንት የተለዩበት ነገር ገንዘብን ለማከማቸት ብቻ ሳይሆን ለማሠራት ማሰባቸው ነው። ሌላው መስፍን ሀብቱን በሠራዊት ብዛትና በግብር አዳራሽ ሲያሳይ፥ እርሳቸው በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው ያከራዩ፥ ከዘመናዊ ንግድም ትርፍ ይፈልጉ ነበር። በ1916 ዓ. ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ ነበሩና ፓሪስን፥ ሮማንና ለንደንን አይተዋል። በዛሬ ቋንቋ የኩባንያ ሥራ መሪ ልንላቸው እንችል ነበር፤ ኩባንያው ግን ጎጃም ነበር። ካፒታሉን ያዋጣው ያለ ፈቃዱ የከፈለው ባለ ርስት ገበሬ ነው፤ ከትርፉም ድርሻ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ገንዘብ ምን አደረጉበት? መልሱ በልጅ ኢያሱ ነገር ላይ ይታያል። ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልን ለልጅ ኢያሱ ድረው ነበር። በ1909 ዓ. ም. መስከረም ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ራስ ኃይሉ አዲሱን መንግሥት ተቀብለው ጎጃምን እንደ ያዙ ቀሩ፤ ነገር ግን ከአልጋ ወራሹ ጋር ያላቸው ፍቅር እያደር ቀዘቀዘ። ማእከላዊው መንግሥት ቀረጥንና ግብርን ወደ አዲስ አበባ ለመሰብሰብ ሲነሣ፥ የጎጃሙ ገዥ የሚያጡት ክብር ብቻ አልነበረም፤ ገቢያቸውም ነበር። በግንቦት 1924 ዓ. ም. ልጅ ኢያሱ በራስ ካሣ ጥበቃ ከነበሩበት ከፍቼ አመለጡ። ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፤ የማምለጡም ተንኮል ወደ ራስ ኃይሉ ተመራ። ተከሰሱ፤ የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠላቸው፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ከነበሩት ባለጸጎች ሁሉ በላይ ይቆጠሩ የነበሩት ሰው ገንዘባቸውን ለፖለቲካ ባወጡ ጊዜ የገዙት የአንድ ሌሊት ማምለጥ ነው። ጋዜጣ አላቋቋሙም፤ ትምህርት ቤት የሐሳባቸው መሠረት እንዲሆን አላደረጉም፤ «ጎጃም ስለዚህ ምክንያት ራሱን ማስተዳደር ይገባዋል» የሚል አንድ ጽሑፍ እንኳ በስማቸው አልተሰማም። የነበራቸው መብት የዘር መብት፥ የነበራቸው መሣሪያ ሰው መግዛት ነበር። የተገዛ ሰው ደግሞ ሌላ የተሻለ ዋጋ ሲሰጥ መሸጡ አይቀርም።

በተቃራኒው ወገን የቆሙት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም ድኻ አልነበሩም፤ እጅ መንሻም ይቀበሉ ይሰጡም ነበር። ነገር ግን ከገንዘባቸው ጥቂቱን ወደ ሌላ ነገር መርተውታል። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1917 ዓ. ም. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፍ ጸሐፊው ካረፉ ከዓመታት በኋላ በ1916 ዓ. ም. አዲስ አበባ ታተመ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ራሳቸው በጉምሩክ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸውና የንግድንና የቀረጥን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሥራው ያውቁታል። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሀብቱን ዕውቀት ላለው ሕዝብ እየሰጠ እንደሚኖር ያስረዱበት ያ መጽሐፍ፥ በአገራችን ቋንቋ ስለ ኤኮኖሚ ከተጻፉት ሁሉ ቀደምት ነው ማለት ይቻላል። በብርሃንና ሰላም ዙሪያ የተሰበሰቡት ወጣት ጸሐፊዎችም ከውጭ አገሩ የጥናት ተቋም ጋር የሚመሳሰል ነገር ነበሩ። ራሳቸውን ችለው የቆሙ ናቸው ለማለት ግን አልደፍርም። የሚጽፉት በአልጋ ወራሹ ማተሚያ ቤት ነበር፤ የሚደግፉትም የአልጋ ወራሹን ዕቅድ ነበር። ሆኖም ሐሳብ የፖለቲካ መሣሪያ መሆኑን ያ ወገን ከጎጃም ወገን ቀድሞ ዐውቋል።

እዚህ ላይ ወደ ዳንግላ እንመለስ። እ. ኤ. አ. በ1925 ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ገባ፤ እስከ 1934 ድረስም በዚያ ሥራ ቆየ። በዳንግላ ቆንስል የሚያስፈልገው ምን የሚያህል የእንግሊዝ ዜጋ ወይም ምን የሚያህል የእንግሊዝ ንግድ ኖሮ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የጠረፉ ፀጥታና የባሪያ ንግድ ጉዳይ አንዱ ምክንያት ነበር። ትልቁ ምክንያት ግን ውሃ ነው። በዚያው በ1925 በሱዳን የሰናር ግድብ ተፈጽሞ የገዚራ የጥጥ እርሻ ውሃውን ማግኘት ጀምሮ ነበር። የሚጠጣውም አባይን ነው። ዐፄ ምኒልክ እ. ኤ. አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፥ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በአባይ፥ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተስማምተው ነበር። እንግሊዞች ግን ወንዙ እንዳይታገድ በመከልከል ብቻ አልረኩም፤ ጣናን ራሳቸው እንደ ገንዳ ለመገደብ ይመኙ ነበር። ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ. ኤ. አ. በ1920 እና በ1921 ጣናን መርምረው ነበርና ዘገባቸው ቺዝማን በመጣበት በ1925 ካይሮ ላይ ታተመ።

ቺዝማን ሠራተኛ ሰው ነበር። የወፍና የእንስሳ ተመራማሪ ነውና ዐይኑ ነገርን ለማየት የለመደ ነው። በበቅሎና በእግሩ የአባይን ሸለቆ ተከትሎ ሄደ፤ የጣናን ዳርቻና ደሴቶች ዞረ፤ ካርታ ላይ ያልነበሩትን ቦታዎች ጻፈ፤ ገዳማቱን ጎበኘ። ሥራውንም እ. ኤ. አ. በ1936 ለንደን ላይ በመጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ስለ ጣና ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ ያን መጽሐፍ ሳያነብ ሊያልፍ አይችልም፤ እኔም ስለ አገሬ ወንዞች በዚያ ዘመን የነበረውን ሁኔታ ለማወቅ ስፈልግ የቆንስሉን መጽሐፍ መክፈት ግድ ሆኖብኛል። ይህን ስጽፍ ደስታም ቅሬታም አብረው ይሰሙኛል። ያን ጊዜ የዳንግላን ገበያና የአባይን ሸለቆ በጽሑፍ ያቆየ የራስ ኃይሉ ጸሐፊ አለ ቢባል ለማንበብ የምቸኩል እኔ ነበርሁ። ከራስ ኃይሉ ግቢ ግን እንዲህ ያለ ጥናት አልደረሰንም።

ልብ እንበል፤ ሁለቱም ሰዎች በአንድ አገር ላይ ነበሩ። ራስ ኃይሉ ከአገው ምድር በየዓመቱ ምን እንደሚገባላቸው ያውቃሉ። ቆንስሉ ደግሞ ውሃው ከየት እንደሚነሣ፥ በየት እንደሚያልፍ፥ መንገዱ በየት በኩል እንደሚቀና ያውቃል። የመጀመሪያው ዕውቀት ባለቤቱ ሲታሰር አብሮት ታሰረ። ሁለተኛው ታተመ።

አዲስ አበባም ቢሆን ዝም ብሎ አልተቀመጠም ነበር። እ. ኤ. አ. በ1925 መጨረሻ እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለ ጣናና ስለ ባቡር መንገድ በመካከላቸው ደብዳቤ ሲለዋወጡ፥ አልጋ ወራሹ ነገሩን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። በ1927 ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ ተላኩና ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለ የኢንጂነሮች ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ፤ ኩባንያውም በኋላ ሰዎቹን ልኮ ሐይቁን አስለካ። ይህ ሥራ የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ውሃው ዕውቀትን ከእንግሊዝ ውጭ ለመግዛት ያደረገው የመጀመሪያ ትልቅ ሙከራ ነው። ግድቡ ግን አልተሠራም። ጦርነቱ ቀደመ።

ጦርነቱ የሁለቱን ገንዘብ ፍሬ ሳይታሰብ በአንድ ሜዳ ላይ አገናኘው። በ1928 ዓ. ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ራስ ኃይሉ ከእስር ወጥተው ለጣሊያን ገቡ። በ1933 ዓ. ም. የጎጃም አርበኛ ሲበረታ ጣሊያኖች የአባታቸውን ስም ተስፋ አድርገው ወደ ጎጃም መለሷቸው፤ የድሮ ጌታ ሲያይ ሕዝቡ ያድራል ብለው ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ቺዝማን ካርቱም ላይ ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ የጦር ወሬ የሚሰበስበውን ክፍል ይመራ ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ. ም. ሳንድፎርድ የተባለው መኰንን ጥቂት ሰዎችና ጠገራ ብር ይዞ ወደ ጎጃም ሲገባ፥ ካርቱም ላይ ስለ አገሩ የሚያማክር ዳንግላ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው ነበረ። የሳንድፎርድ ሰፈር በአገው ምድር በፋጉታ ሆነ። በኅዳር 1933 ዓ. ም. ዊንጌት በአውሮፕላን የወረደው እዚያው ነው። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ያን ደጋ ይዘው ይዋጉ ነበርና ያለ እነርሱ ካርታውም ብሩም ምንም ባልፈየደ ነበር፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ጣሊያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ. ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ እጃቸውን ሰጡ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ንባብ ባነሣሁ ጊዜ «የቆንስሉ ዕውቀት ለእንግሊዝ ጥጥ የተሰበሰበ ነውና ምን ያስመሰግነዋል?» ብለውኛል። ልክ ናቸው፤ አላመሰግነውም። ለዕውቀት የሚከፍል ሁሉ ለዕውቀት ፍቅር አይከፍልም። በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኔጊ እ. ኤ. አ. በ1910 ለዓለም ሰላም ጥናት 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ሮበርት ብሩኪንግስ የተባለው የሴንት ሉዊስ ነጋዴ በ1916 ከተቋቋመው የመንግሥት አሠራር ጥናት ተቋም መሥራቾች አንዱ ሆነ፤ ያም ተቋም በ1927 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በስሙ ተጠራ። እነዚህ ሰዎች መላእክት አልነበሩም። የካርኔጊ ሠራተኞች እ. ኤ. አ. በ1892 በሆምስቴድ ከጠባቂዎች ጋር ተታኩሰው ደም ፈስሷል። ሆኖም በገንዘባቸው የቆመው ቤት እነርሱ ከሞቱ በኋላ ኖረ፤ በውስጡም የሰጪውን ሐሳብ የሚቃወም ሰው ሊቀመጥ ቻለ። እጅ መንሻ ግን ከተቀባዩ ዕድሜ አያልፍም።

ከነጻነት በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረምና ባለጸጋው የሚሰጠው ወደ ግቢና ወደ መኳንንቱ ደጅ ነበር። ስለ አባይ የተደረገው ትልቁ ጥናት እንደ ገና የውጭ ሆነ፤ የአሜሪካ የውሃ ልማት መሥሪያ ቤት እ. ኤ. አ. ከ1958 ጀምሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሸለቆውን መርምሮ ዘገባውን በ1964 አወጣ። ለግድብ ይሆናሉ ካላቸው ቦታዎች አንዱ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ነበር። በ1967 ዓ. ም. ደርግ ትልልቁን ሀብት ሲወርስና መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ለፖለቲካ የሚሰጥ ባለጸጋ ጠፋ፤ መዋጮ የሚባለው ግን መጣ። ደመወዝተኛውም ገበሬውም ለእናት አገር ጥሪና ለልዩ ልዩ ዘመቻ ሲያዋጣ ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም።

ከ1983 ዓ. ም. በኋላ ባለጸጋው ተመለሰ። በዚህ ዘመን ከሁሉ በላይ ስማቸው የሚነሣው ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። በሆቴል፥ በወርቅ ማዕድን፥ በእርሻና በኢንዱስትሪ ከፍተኛ ገንዘብ አፍስሰዋል፤ በአዊ ምድር የሚገኘው የአየሁ እርሻም ከድርጅቶቻቸው በአንዱ፥ በኢትዮ አግሪ ሴፍት እጅ ውሎ ነበር። በ1997 ዓ. ም. ምርጫ ጊዜ ሼህ አል አሙዲ የገዥው ግንባር ምልክት የሆነችው ንብ ያለችበትን ካናቴራ ለብሰው በአደባባይ ድጋፋቸውን አሳዩ። የታላቁ ህዳሴ ግድብ ሥራ በ2003 ዓ. ም. ከተጀመረ በኋላም ለግድቡ 1.5 ቢሊዮን ብር ለመስጠት ቃል ገቡ።

ይህን የማነሣው ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፤ ለአገር ግድብ መስጠት የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ካናቴራው ግን የታሪክ ተማሪን ያስቆማል። ሥርዐቱ ስለ እጅ መንሻ ከተናገርሁት ጋር አንድ ነው፤ ሰጪው በአደባባይ ይታያል፥ ተቀባዩም ያየዋል። የሚታየው ግን መቆሙ እንጂ ሒሳቡ አይደለም። በአንጻሩ በአሜሪካ የክሊንተን ፋውንዴሽን የሰጪዎቹን ስም ዝርዝር ባወጣ ጊዜ የሼህ አል አሙዲ ስም ከገንዘቡ እርከን ጋር በዝርዝሩ ውስጥ ተገኝቷል። የአንድ ባለጸጋን ስጦታ በባዕድ አገር በዝርዝር፥ በአገር ቤት በካናቴራ ማወቃችን ትንሽ ነገር አይደለም። በ2010 ዓ. ም. ጥቅምት ሼህ አል አሙዲ በሳውዲ አረቢያ ከሌሎች ባለጸጎችና ልዑላን ጋር ተያዙ፤ የተለቀቁትም በ2011 ዓ. ም. ጥር ነው። በዚያ መካከል የኢትዮጵያ መንግሥት መሪ ተለውጦ፥ የንቧ ግንባርም ወደ መፍረሱ ተቃርቦ ነበር።

ጥናቱስ? በዚሁ ዘመን በአዲስ አበባ ከመንግሥት ውጭ የሆኑ የጥናት ማኅበራት ተቋቁመዋል። የኢትዮጵያ ኤኮኖሚ ባለሙያዎች ማኅበር እ. ኤ. አ. በ1991፥ የማኅበራዊ ጥናት መድረክ በ1998 ተመሠረቱ። ስለ መሬት ይዞታ፥ ስለ ድህነት፥ ስለ ግብርና ያወጧቸው ጥናቶች በየዩኒቨርሲቲው ይነበባሉ። ከገንዘባቸው ግን ብዙው የመጣው ከውጭ መንግሥታትና ከውጭ ድርጅቶች ነው። ሆቴልና ፋብሪካ የሚሠራው የአገር ባለጸጋ ለእነዚህ ቤቶች ዋና ደጋፊ ሆኖ አልታየም። በ2001 ዓ. ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከመቶ 10 እጅ በላይ ከውጭ የሚያገኙት በሰብአዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠሩ በከለከለ ጊዜ የዚህ ነገር ጉዳት ታየ። ሕጉ የውጭውን እጅ ሲቆርጥ በአገር ውስጥ የሚተካ እጅ አልነበረም። አዋጁ በ2011 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162 ደግሞ ፓርቲ ከማን ገንዘብ ሊቀበል እንደሚችልና እንደማይችል ደንግጓል።

ባለጸጋው ለምን ለጥናት አይሰጥም? ፍቅረ ንዋይ ስላለበት ነው የሚለው መልስ አያጠግበኝም፤ ለቤተ ክርስቲያን፥ ለመስጊድ፥ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል የሚሰጥ ባለጸጋ ብዙ ነውና። እኔ የማየው ምክንያት ከዳንግላ ኬላ ጀምሮ የመጣ ነው። መሬቱን፥ ፈቃዱን፥ ብድሩንና የውጭ ምንዛሪውን የሚሰጠው መንግሥት ሲሆን፥ ነጋዴው የመንግሥትን አሠራር ለሚመረምር ቤት መስጠት እጅግ ውድ ይሆንበታል። አንድ ጥናት «የመሬት አሰጣጡ ትክክል አይደለም» ብሎ ቢወጣ ጥናቱን የከፈለው ሰው ነገ ለመሬት የሚያመለክተው ለዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ባዕዱ ግን በዚህ ወረፋ ላይ አይቆምም፤ ስለዚህ ሊከፍል ይችላል፤ የሚጠናውንም ነገር አብሮ ይመርጣል። ጣናን ያስጠናው ጥጥ እንደ መረጠ ማለት ነው።

ታላቁ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመረቀ። የቆመውም ጥንት ከጎጃም ጋር ይቆጠር በነበረው በመተከል ምድር በጉባ፥ የአሜሪካው ጥናት እ. ኤ. አ. በ1964 ካመለከተው የጠረፍ ቦታ አጠገብ ነው። ለግንባታው ብድር ከውጭ ባለመገኘቱ ወጪው በአገር ውስጥ ገንዘብ ተሸፈነ። በዳንግላና በእንጅባራም መምህራን የወር ደመወዛቸውን ሰጥተዋል፤ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ቦንድ ገዝተዋል። የቦንዱ ወረቀት በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ዛሬም ይገኛል፤ በላዩም የገዢው ስምና የገንዘቡ ልክ ተጽፎበታል።